በአራቱም እግሯ የምትጎትተው መኪና

በመኪና ፋብሪካው የሙከራ ክፍል ውስጥ ማርሽ ቆራጩን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ቡጢ ነበር የሚሉት። ይህ ስም በወጣለት ቀን አንድ ብረት አመላላሽ ሁለት የፊት ጥርሶቹን ከመሬት ለቅሞ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ የለቀሙም አሉ። ጉዱ ግን እነዚያው እጆች ማሽን ፊት ሲቆሙ የሌላ ሰው እጅ መሆናቸው ነው። የፀጉር ሩብ የምታህል ስህተት በጣቱ ጫፍ ዳስሶ ያገኛል። አዲስ የቆረጠውን ማርሽ ይዞ ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ አንድ ባንድ ሲነካካ ላየው፣ አራስ ልጅ የሚያባብል አባት ይመስላል። ዞር ሲል ደግሞ አንዱ በነገር ሸንቆጥ ካደረገው፣ ያው ጣት ተጨብጦ መንጋጋ ላይ ያርፋል።

ይህን አመል ከየት እንዳመጣው ታናሽ እህቱ ታውቃለች። አባታቸው ቀበቶውን ሲፈታ ለመተኛት አልነበረም። ቡጢ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ሰሞን፣ አባትየው ልጅቷን በፀጉሯ ይዞ ከግድግዳ ጋር ሲያላትማት ደረሰና የተሰበረ የወንበር እግር አንስቶ ፊቱን አለው። አባትየው ከወደቀበት ሲነሳ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ እህቱን የነካት የለም። ልጁም የተማረው ይህንኑ ነው፤ መምታት ይሠራል።

እህቱ አድጋ ሹፌር ሆነች፤ ያውም የፋብሪካው ሙከራ ነጂ። አዲስ የተሠራ መኪና ሁሉ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እሷ ትነዳዋለች፣ ታስጨንቀዋለች፣ የሚሰበር ካለው ትሰብረዋለች። “እኔ በእጄ አይደለም የምነዳው፣ በመቀመጫዬ ነው” እያለች ወንዶቹን ታስቃቸዋለች። ቀልድ ብቻ አልነበረም። መኪናዋ የቱ ጋ እንደታመመች ኮፋኖ ሳይከፈት ትናገራለች፤ ሲከፈትም እንዳለችው ይገኛል።

በዚያ ዓመት ፋብሪካው ትንሿን የቤተሰብ መኪና በአራቱም ጎማዋ እንድትጎትት ለማድረግ ተነሳ። እስከዚያ ድረስ በአራት ጎማ የሚጎትት ማለት የጭነት መኪና ወይም የወታደር ጂፕ ነበር፤ እያጓራ የሚሄድ፣ ወገብ የሚቆርጥ። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት በዝናብ ቀን ዳገት ላይ ሳትቸከል የምትወጣበት መኪና ግን አልነበረም። ሥራው የተሰጠው ለአንድ ወጣት ኢንጂነር ነው። ቀጭን፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲናገር ጣቱን እንደ እርሳስ የሚያሾል ሰው ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ችግሩ መቸኮሉ ነው።

መፍትሔውም የችኩል ነበር። የትንሿ መኪና ሞተር የሚያዞረው የፊት ጎማዎቹን ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ከካምቢዮው ጀርባ ረጅም ዘንግ አውጥቶ ወደ ኋላ ጎማዎች ዘረጋ፤ ከዚያ የፊቱንና የኋላውን በአንድ ማርሽ አጣብቆ ቀረቀራቸው። አለቀ። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው የሸክላ ጭቃ ዳገት ላይ ሲሞክሯት እንደ ፍየል ወጣችው። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ኢንጂነሩ በደስታ ጫማው ጭቃ እንደነካው እንኳ አላየም። ፎርማኑ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሽማግሌ፣ “ትንሿ ልጅ ጎረመሰች!” ብሎ ኮፋኖዋን መታ መታ አደረጋት።

እህቱ ግን በሚቀጥለው ቀን ደረቁ ኮንክሪት ላይ ጠበብ ባለ መታጠፊያ ስታዞራት ፊቷ ተለወጠ። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ጎማዎቹ ይጮኻሉ፣ መሪው ይከብዳል። ወርዳ ወንድሟን ጠራችው።

“ከታች አንድ ሰው እግሬን የያዘኝ ነው የሚመስለው” አለችው። “እየታጠፍኩ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ይቆይና ድንገት ጓ! ብሎ ይለቀኛል። አልወደድኩትም።”

ቡጢ ካምቢዮውን አወረደና ያንን ማርሽ አወጣው። አውራ ጣቱን ጥርሶቹ ላይ ሲያሳልፍ አንደኛው ጥርስ ሥር ላይ ቆመ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነበር። ማርሹን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ኖራ አነሳና ወለሉ ላይ ክብ መሳል ጀመረ። ኢንጂነሩንም ጠራው።

“ኢንጂነር፣ ይህን ይዩልኝ። መኪና ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ሰፊ ክብ ነው የሚሄዱት፣ የኋላዎቹ ጠባብ። ስለዚህ የፊቱ መፍጠን አለበት። እኛ ደግሞ አንድ ላይ ቀርቅረን እኩል ዙሩ አልናቸው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱን ይውጠዋል። ኮንክሪት ላይ ግን አይንሸራተትም፤ ዘንጉ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛል። አንድ ቀን ይበጠሳል። ማርሹም ይኸው ከጥርሱ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል።”

“እና ምን ይሁን ትላለህ?”

“መሐል ላይ ትንሽ ዲፈረንሻል እናስገባ። አንደኛው ሲፈጥን ሌላውን የሚያዘገይለት።”

“ቦርዱ መጥቶ ሊያያት ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን” አለ ኢንጂነሩ። “ቦታም የለም፣ ጊዜም የለም። የቦርዱ ሰዎች የሚያዩዋት ጭቃው ላይ ነው፤ ጭቃው ላይ ደግሞ ትወጣለች።”

“የሚገዛት ሰው ጭቃ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው? አስፋልት ላይ መታጠፍ ሲፈልግ ምን ሊያደርግ ነው፣ ተሸክሟት ሊዞር?”

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። የኢንጂነሩ ጆሮዎች ቀሉ። ሰው ፊት መሳቂያ መሆንን የማይችል ሰው ነበር።

“አንተ ጥርስህን ቁረጥ” አለው። “ማሰቡን ለሚያስቡት ተወው። እህትህም ከፈራች ትውረድ። ሴት ልጅ ስትፈራ ብረት ታሟል ትላለች።”

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ቡጢው አረፈበት። ኢንጂነሩ ንድፎቹ የተዘረጉበት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተዘረረ፤ ከአፍንጫው የፈነዳው ደም ሰማያዊውን ወረቀት አለበሰው። ንድፉን አብረውት የሠሩት ሁለት ነዳፊዎች ዘለው መጡ። ትልቁ በብሎን መፍቻ የቡጢን ጎን አለው፤ የጎድን አጥንቱ ስትሰበር ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። ቡጢ እያቃሰተ ሰውዬውን በአንገቱ ይዞ ግንባሩን ብረት ከሚያስሩበት ሞርሳ ጋር አጋጨው። ነዳፊው በጉልበቱ ወደቀ፤ ግንባሩ ከቅንድብ እስከ ፀጉሩ ድረስ ተተልትሎ ዓይኖቹ በደም ተሸፈኑ። ሌላኛው ነዳፊ ቡጢ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ጆሮውን ነከሰው። ፎርማኑ የማሽን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለበትን ባልዲ አንስቶ ሦስቱም ላይ ባይደፋባቸው አንዱ ሬሳ ይወጣ ነበር።

ዘበኞች ቡጢን በብብቱ ይዘው ከበር ውጭ ጣሉት። የአሥራ አምስት ቀን እገዳ ተጻፈበት፤ ነዳፊው ባይተርፍ ኖሮ እስር ነበር።

እህቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄደች። አልጋው ላይ ጎኑን በፎጣ አስሮ ተቀምጧል። የሚያጽናና ቃል ነበር የጠበቀው።

“ደስ አለህ?” አለችው፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ። “እስቲ ንገረኝ፣ ደስ አለህ?”

“ስለ አንቺ የተናገረውን ሰምተሻል?”

“ሰምቻለሁ። በየቀኑ የምሰማው ነው። ከተናገረው በላይ የጎዳኝ ግን ያንተ ነው። እኔ መኪናዋ ላይ ስወጣ ማርሹን አይቶ ውጪ ወይም አትውጪ የሚለኝ ማን ነው? አንተ ነህ። አሁን ማን ሊያይልኝ ነው?”

“አትውጪባት በቃ።”

“እኔ ካልወጣሁ ያንን ባለፈው ወር የተቀጠረውን ልጅ ያስቀምጡታል። እሱ መንቀጥቀጡንም አይሰማው። ደግሞ ሥራዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነው።”

ቡጢ ተነሳ። ጎኑ ወጋውና ሕመሙ ንዴቱን አባሰው። “እዚያች መኪና ላይ ብትወጪ እግርሽን ነው የምሰብረው!” ብሎ ጮኸ። እጁ ከትከሻው በላይ ተነስቶ ነበር።

እህቱ ወደ ኋላ አላለችም። እጁን አየችው፣ ከዚያ ፊቱን አየችው።

“አባታችንን መሰልክ” አለችና ወጣች።

የቦርዱ ቀን ሲደርስ ቡጢ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ኮንክሪቱን አድርቆታል። ከሳንቃ በተሠራ መድረክ ላይ ባለ ኮት ሰዎች ተሰልፈዋል። ኢንጂነሩ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በጣቱ እያሳየ ያስረዳል። መኪናዋ የጭቃውን ዳገት ወጣች፣ ወረደች፣ ቆማ እንደገና ወጣች። ባለ ኮቶቹ አጨበጨቡ። ቡጢም ሳይወድ ተነፈሰ፤ አለቀ፣ ተርፈናል ብሎ።

ከዚያ ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ ኮንክሪቱ መንገድ ጠቆመ። ምን እንዳለ አይሰማም፤ ግን ግልጽ ነበር። እዚያስ ላይ እንያት? ኢንጂነሩ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናዋ ውስጥ ላለችው ለቡጢ እህትም እጁን አውለበለበላት።

“እንዳትሄጂ!” ብሎ ቡጢ በሽቦው ውስጥ ጮኸ። “እንዳትሄጂ! ጋሼ፣ አስቁሟት!” ነፋሱ ድምፁን ወደ ኋላ መለሰበት።

አንደኛውን ዙር ዞረች። ሁለተኛውን ፈጠን አድርጋ ዞረች። በሦስተኛው፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ፣ መድፍ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ማርሹ ተበትኖ የዘንጉ የፊት ጫፍ ከቦታው ወጣ፤ መሬት ወረደና ኮንክሪቱን ወጋው። መኪናዋ በዘንጉ ላይ እንደ ምርኩዝ ዘላይ ተነስታ አየር ላይ ተገለበጠች፣ በጣሪያዋ ወደቀች፣ እየተፋጨች ሄዳ ግንቡን መታችው። መስታወቱ እንደ በረዶ ዘነበ።

ቡጢ አጥሩን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። እሾሃማው ሽቦ መዳፎቹን ቦጭቆ ሥጋቸውን ይዞ ቀርቷል። ሲደርስ ከተገለበጠችው መኪና ቤንዚን ይንጠባጠብ ነበር። ዘንጉ የመኪናዋን ወለል በስቶ ገብቶ የእህቱን ግራ እግር ከጉልበት በታች ከመቀመጫው ጋር አጣብቆታል። ዓይኗ ክፍት ነው፤ አፏ ግን ድምፅ አያወጣም። ፎርማኑ የብረት መፈንቀያ ይዞ መጣ። ሁለቱ ብረቱን ሲያነሱት ነው ድምጿ የወጣው። ያንን ጩኸት የሰሙ ሰዎች ለዓመታት ሲያወሩት ኖረዋል፤ ቡጢ ግን አንድም ቀን አላወራውም። ቀበቶውን ፈትቶ ጭኗ ላይ አሰረ፣ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ፣ በደማ መዳፉ ጎትቶ አወጣት።

እግሯን ሐኪሞቹ ቆረጡት።

በማግስቱ ጠዋት ቡጢ ከሆስፒታሉ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄደ። እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ በፋሻው መሐል ግን የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ዘበኛው ፊቱን ሲያይ መንገድ ለቀቀለት። የሙከራ ክፍሉ ባዶ ነበር። ኢንጂነሩ ብቻውን፣ የትናንቱን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከተሰበረው ማርሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቡጢን ሲያይ አልተነሳም።

“አይቼው ነበር” አለ።

“ምኑን?”

“ስንጥቁን። ያንኑ ማርሽ ነበር መልሰን የገጠምነው፤ ትናንት ጠዋት ከፍቼ አየሁት። ሁለት ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር። ጭቃው ላይ ይችላል ብዬ ዘጋሁት። ኮንክሪቱ ላይ እንያት ሲሉኝ… አፌን ከፍቼ አይቻልም ማለት አቃተኝ። ሰው ፊት አቃተኝ።”

ቡጢ ብረቱን አነሳና ወረደበት። ኢንጂነሩ በደመ ነፍስ ክንዱን አንስቶ ነበርና ክንዱ ከክርኑ በታች ለሁለት ተሰበረ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሦስተኛው ጉልበቱ ላይ። ከወንበሩ ወድቆ ወለሉ ላይ፣ ቡጢ ራሱ በኖራ ክቡን የሳለበት ቦታ ላይ ተጠቀለለ። “ምታ” ይላል፣ ደም እየተፋ። “ምታ፣ ጨርሰኝ።” ቡጢም ሊጨርሰው ነበር። ብረቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ የቱ ጋ እንደሚያሳርፈው በዓይኑ ለክቶ ጨርሶ ነበር። ከኋላው የመጣው ፎርማን በትልቁ የእንጨት መዶሻ ማጅራቱን ባይለው ኖሮ።

ሲነቃ ካቴና ገብቶበታል። ፎርማኑ አጠገቡ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

“አጥንትህን ሰብሬው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር” አለው። “ግን ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅህም።”

ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱበት። ኢንጂነሩም ፍርድ ቤት ቀርቦ ስንጥቁን አይቶ መዝጋቱን በገዛ አፉ ተናገረ፤ ከሥራ ተባረረ፣ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ክንዱ ጠሞ ነው የዳነው።

እህቱ በክራንች እየተደገፈች እስር ቤት የመጣችው በሁለተኛው ወር ነው። በመጠየቂያው አዳራሽ እስረኛና ጠያቂ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይለያቸዋል። ወንበር ቢሰጧት አልተቀመጠችም።

“አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት” አለች። “ኢንጂነሩን ፍርድ ቤት አይቶታል፤ እሱን ተወው። አንተን ግን ማንም አልነገረህም። ያን ቀን ጠዋት ካምቢዮውን የምትከፍተው አንተ ነበርክ። ስንጥቁን አሳይተህ ‘አትውጪ’ ብትለኝ አልወጣም ነበር፤ ማርሹን አሳይተኸኝ አንድም ቀን እምቢ ብዬህ አላውቅም። አንተ ግን አጥር ውጭ ነበርክ። ማን አስወጣህ? ይሄ።” ጣቷን በጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው እጁ ቀሰረች።

ቡጢ አፉን ከፈተ። በዚህ መሐል ከአጠገቡ የተቀመጠ አንድ እስረኛ የእህቱን እግር አይቶ ለጠያቂው፣ “ይቺ ደግሞ ጫማ ስትገዛ ግማሽ ነው የምትከፍለው” ብሎ ሳቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይታገስ ነበር፤ እህቱም እንዲታገስ ዓይኖቿ ለመኑት። አልሆነም። ሰውዬውን በሸሚዙ ኮሌታ ስቦ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አፍንጫው እስኪደፈጠጥ። ጠባቂዎች በዱላ ከብበው እስኪጥሉት ድረስ አልለቀቀም። ወለሉ ላይ ተደፍቶ፣ አንዱ ጉልበቱን አንገቱ ላይ ተክሎበት ሳለ፣ የክራንቿ ጫፎች ወደ በሩ ሲርቁ ነው ያየው። አልተመለሰችም።

ብቻውን አሰሩት። ሃያ ቀን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግድግዳውን በመምታት አሳለፋቸው፤ ከዚያ ጣቶቹ አብጠው እምቢ አሉት። ያን ጊዜ እንግዲህ ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው ያንን ማርሽ አሰበ። መሐል ላይ የሚገባውን ትንሽ ዲፈረንሻል። ቦታ የለም ነበር የተባለው። ቦታውን በጭንቅላቱ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ሲለካ ሰነበተ።

ፎርማኑ ሊጠይቀው ሲመጣ ቡጢ በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ የሳለውን ሰጠው። ሽማግሌው መነጽሩን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

“መኪናዋን አልተዉአትም” አለ። “እህትህ ነች ያላስተወቻቸው። አሁን የሙከራ ክፍሉ ኃላፊ አድርገዋታል። ‘መሐሉ ሳይስተካከል አንድም ሰው አይወጣባትም፣ ተስተካክሎ ካልተሸጠች ግን እግሬን መልሱልኝ’ ብላቸዋለች።”

ወረቀቱ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። በጠርዙ ላይ በተንጋደደ ጽሑፍ፣ ሕፃን በግራ እጁ የጻፈው በሚመስል ፊደል፣ ቁጥሮች ተሞልተዋል። ከታች አንድ መስመር ነበረ፦ “ይህ ጥርስ ይሰበራል። ቁጥሩን ቀንሰህ አወፍረው።”

ቡጢ ማን እንደጻፈው ወዲያው ገባው። ደሙ ፈላ። “እሱ ጋ ወሰድክብኝ?” ብሎ ፎርማኑ ላይ አፈጠጠ።

“ሂሳቡን የሚችል ሌላ ሰው የለማ! አንተ ትችላለህ?”

አይችልም። ወረቀቱን ቀዳዶ ሊጥለው አነሳው። ከዚያ መልሶ ዘረጋውና ቁጥሮቹን እንደገና አያቸው። ሰውዬው ልክ ነበር። ጥርሱ ይሰበራል።

ዓመቱን ሙሉ ወረቀቱ በፎርማኑ ኪስ ሲመላለስ ከረመ፤ ከእስር ቤቱ ወደ ኢንጂነሩ ቤት፣ ከኢንጂነሩ ቤት ወደ እስር ቤቱ። ሰላምታ አልነበረበትም፤ ቁጥር ብቻ። ዘንጉን ባዶ አድርጎ በውስጡ ሌላ ዘንግ ማሳለፍን ያሰበው ኢንጂነሩ ነው፤ ትንንሾቹን ማርሾች በእጅ ተሠርተው የሚገቡበትን ቅደም ተከተል ያገኘው ቡጢ። አንድ ጊዜ ኢንጂነሩ ከቁጥሮቹ ሥር “እህትህ እንዴት ናት” ብሎ ጻፈ። ቡጢ ያቺን መስመር በጥፍሩ ፍቆ አጥፍቶ ወረቀቱን ላከው።

የተፈታ ቀን ፋብሪካው በር ላይ እህቱ ሰው ሠራሽ እግር አድርጋ ጠበቀችው።

“ማርሹን አንተ ነህ የምትቆርጠው” አለችው። “ሌላው ሞክሮ አልቻለም። ማንም ላይ ግን እጅህን ብታነሳ፣ ጋሼም አይለምኑኝ፣ ማንም አይለምነኝ፣ ያኔውኑ ትወጣለህ። ነዳፊው ይጠብቅሃል።”

ጠብቆታል። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ከቅንድቡ እስከ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቡጢ ቱታውን ለብሶ ማሽኑ ፊት እንደቆመ መጥቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ በጥፊ አጮለው። ቀጥሎ ሆዱን በጡጫ መታው፣ እንደገናም። ቡጢ በሁለት እጁ የማሽኑን ጠርዝ ይዟል፤ ጣቶቹ ደም ሸሽቷቸው ነጥተዋል። አልተነሱም። ነዳፊው እስኪደክመው መታውና ዞሮ ወደ ንድፍ ክፍሉ ገባ። ቡጢ ብረቱን ማሽኑ ላይ አስሮ መቁረጥ ጀመረ። ጀግንነት አልመሰለውም፤ በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም፣ የፈራውም ነዳፊውን አልነበረም።

ማርሹን ቆርጦ ለመጨረስ አምስት ሳምንት ፈጀበት። የሙከራው ቀን እህቱ ራሷ ነዳች፤ ፎርማኑ ፍሪሲዮኑን በእጅ የምታዝበት ዘንግ በይዶላታል። ሁሉም ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ኮንክሪቱን ያያል። ያንን ጠባብ መታጠፊያ ዞረችው። ጩኸት የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። አሥር ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ወደ ጭቃው ሄደች፤ እዚያ ጉድ ፈላ። አንደኛው የፊት ጎማ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በባዶ ይሽከረከራል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሰነፉ ጎማ ፈሶ ያልቃል።

የቆሙት አንገታቸውን ደፉ። ቡጢ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እህቱ በመስኮቱ ብቅ አለች።

“ምን ሆናችሁ፣ ሰው የሞተባችሁ ይመስል?” አለች። “በፊት ታስሮ አስቸገረን፣ አሁን ተፈቶ አስቸገረን። ታዲያ ማሰሪያውን ለእኔ ስጡኝ! መቀመጫዬ ጎን አንድ ማንሻ አድርጉልኝ። ጭቃ ሲመጣ እቀረቅረዋለሁ፣ ኮንክሪት ሲመጣ እለቀዋለሁ። ለዚህ ደግሞ ኢንጂነር ያስፈልጋል?”

ፎርማኑ ሳቁን ማቆም አቃተው። ማንሻው በዘጠኝ ቀን ተሠርቶ ገባ፤ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች።

ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዋ በየመንገዱ ትታይ ጀመር፤ ጣሪያዋ ላይ ፍራሽ የሚጭኑባት፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ሕፃናት የሚደባደቡባት፣ ዝናብ ሲመጣ ማንሻዋን ስበው ዳገት የሚወጡባት። ማስታወቂያው የአሥር ሰዎችን ስም ይዘረዝር ነበር፤ ማርሽ ቆራጩም ኢንጂነሩም የሉበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ቡጢ ኩሽኔታ ሊገዛ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ባንኮው ፊት የቆመው ሰው ዞረ። ቀኝ ክንዱ ወደ ውጭ ጠሟል፤ ብዙ ፀጉር አጥቷል። ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል ሲባል ሰምቶ ነበር። ሁለቱም ቆሙ። ባለሱቁ ወሬውን ያውቅ ኖሯል፣ ቀስ ብሎ ከባንኮው ሥር ገባ።

“ማርሹ ስንጥቅ አሳየ?” አለ ኢንጂነሩ በመጨረሻ።

“እስካሁን አላሳየም።”

“መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላት ክፈቱና እዩት። ውስጠኛው ዘንግ ላይ ያለውን።”

“እናየዋለን።”

እጅ አልተጨባበጡም። ኢንጂነሩ ዕቃውን በደህናው እጁ ይዞ ወጣ።

ሳይመሽ ቡጢ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምታስገባው። ማን እንዳገኘ ነገራት። እጆቹን አየቻቸው።

“መታኸው?”

“አልመታሁትም።”

“እሺ” አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእግሯን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። “በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል።”